ጨው የሌለው ውሃ

ማስ ፎንሶ ያን ዕለት አመሻሽ ላይ የገዛ ከተማቸው እንግዳ መስለው ከቤት ወጡ። ገበያ ውስጥ ለጎብኚ የሚሸጠውን ሰፊ የገለባ ባርኔጣ እስከ ቅንድባቸው ደፍተዋል፤ ፀሐይ እየጠለቀች ጥቁር መነጽር አድርገዋል፤ የለበሱት ሸሚዝ ላይ ያልተሣለ የአበባ ዓይነት የለም። ፋልማውዝ በምትባለው የደሴት ወደብ ተወልዶ እዚያው ያረጀ ሰው እንዲህ ለብሶ ሲሄድ ማን አይቶ ዝም ይላል? ጥግ ላይ ኦቾሎኒ የምትቆላው ሚስ ኢና ገና ከሩቁ፣ «ደህና አመሹ ማስ ፎንሶ፤ ባርኔጣው ስንት ወጣበት?» አለቻቸው።

እሳቸው ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው አለፉ።

«አላየሁዎትም፤» አለች ሚስ ኢና ኦቾሎኒዋን እያገላበጠች። «ዛሬ ዕውር ነኝ።»

ሊሰልሉ ነው የሚሄዱት። የሚሰልሉት ደግሞ ባዳ ሰው አይደለም፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ እንደ ልጃቸው ያሳደጓትን የእህታቸውን ልጅ ጆዲያንን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከተማዋ መብራት ማብራት ስትጀምር አደባባዩ ላይ ካለው ፏፏቴ ሥር ጎብኚ ሰብስበው፣ በአሮጌዎቹ ቤቶች መሃል እያዞሩ የሙታንን ወሬ ሲያወሩ የኖሩት ማስ ፎንሶ ናቸው። በዝናቡ ወራት የፍርድ ቤቱ ደረጃ አንሸራቷቸው ጉልበታቸው ተሰበረ፤ ሐኪም ቀዶ ሰፋው፤ ሥራው ለጆዲያን ተረፈ። አሁን ጉልበቱ ድኗል። ነገ መልሼ እረከባለሁ ብለው ለሰው ሁሉ አውጀዋል። ከመረከባቸው በፊት ግን የልጅቷን ጥፋት በዓይናቸው ለማየት ፈለጉ፤ ጆሯቸው የገባው ወሬ እንቅልፍ የሚሰጥ አልነበረማ። ጎብኚው እየሳቀ ነው የሚመለሰው አሉ። መንፈስ ሊያይ ወጥቶ የሚስቅ ሰው! ይህም ይሁን፤ የባሰው ግን ልጅቷ እሳቸው የማያውቁት አንድ ቤት ጨምራለች መባሉ ነው። የማን ቤት እንደሆነ ቢጠይቁ ሚስ ኢና፣ «እኔ አፌን አላስገባም፤ ሄደው ይዩት፤» ብላ ዝም አለች። ሚስ ኢና ዝም ካለች ነገሩ ከባድ ነው።

ከቤት ሲወጡ ማድ ቤቱ በር ላይ ቆም ብለው ለባዶው ወንበር፣ «ዛሬ ትንሽ አመሻለሁ ዜላ፤ ውሃውን ስመለስ አሞቅልሻለሁ፤» ብለዋል።

ዜላ ሚስታቸው ናት። ከሞተች ዓመት አልፏታል።

ዕድሜዋን ሙሉ ገበያ ላይ ቆማ ዓሣና የካሳቫ ቂጣ የሸጠች፣ ማታ እግሯ እንደ ሊጥ ኩፍ ብሎ ቤት የምትገባ ሴት ነበረች። ማስ ፎንሶ በሳፋ ውሃ አሙቀው፣ ጨው በጭብጣቸው ዘግነው በትነው፣ እግሯን ይነክሩላታል። እሷ ዓይኗን ጨፍና፣ «ስሞት ቁጭ እላለሁ፤ ማንም መጥቶ እንዳያስነሳኝ፤» ትል ነበር። ጥርሷም አይከደንም፤ ቀልደኛ ነበረች።

በከተማዋ ልማድ ሰው ሲሞት ዘጠኝ ሌሊት ይታመሻል። ዘመድ ጎረቤቱ እየዘፈነ፣ ዶሚኖ እየመታ፣ ሩም እየቀመሰ ከቤቱ አይጠፋም፤ በዘጠነኛው ሌሊት የሟቹ መንፈስ ቤቱን ሊሰናበት ይመጣል። ያኔ አልጋው ተነስቶ ወደ ሌላ ግድግዳ ይዞራል፤ ቁም ሣጥኑም ቦታ ይለውጣል፤ መንፈሱ ገብቶ ዙሪያውን ያይና «ይሄማ የኔ ክፍል አይደለም» ብሎ ወደሚያርፍበት ይሄዳል። አልጋው ካልዞረ ግን አይሄድም። ይህን ከማስ ፎንሶ በላይ የሚያውቅ የለም፤ የእንጀራቸው ገመድ ነው። ለዚህም ነው በዘጠነኛው ሌሊት ጎረምሶች አልጋውን ሊያዞሩ ሲገቡ ከነጫማቸው ዘለው የተጋደሙበት። «አልጋው ይነሳ ከተባለ ከነእኔ ይነሳ፤» አሉ። ጎረቤታቸው ቤርቲ ለመነ፤ ቄሱ መከሩ፤ ጆዲያን አለቀሰች። ሰውዬው ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። አልጋው አልዞረም።

ዜላም አልሄደችም። ማስ ፎንሶ እንደዚያ ያምናሉ፤ ማስረጃም አላቸው። አረንጓዴው ነጠላ ጫማዋ ከሞተች ወዲህ የት እንደገባ አልታወቀም። ቤቱ ተበርብሮ ታጣ። ታዲያ እሷ ካላደረገችው ማን አደረገው? አመሻሽ ላይ ማድ ቤቱ ውስጥ ኮሽ ባለ ቁጥር ነጠላ ጫማ የሚጎተት ይመስላቸዋል። ያኔ ልባቸው ሞቅ ይላል፤ የቀኑን ወሬ ይነግሯታል፤ ሚስ ኢና ያለችውን፣ ቤርቲ በዶሚኖ መበላቱን፣ ዓሣ መወደዱን። ከእሷ ጋር ያላወሩት ቀን የዋለ አይመስላቸውም።

ሙታን ደግሞ ጨው አይወዱም፤ ጨው ባለበት አይቆሙም። ስለዚህ ጨው ከቤቱ ተባረረ። ሾርባው ጨው የለውም፤ ዓሣው ጨው የለውም፤ አሁንም ማታ ማታ ለእግሯ የሚያሞቁት ውሃ ጨው የለውም። ሐኪሙ የደም ግፊታቸውን ለክቶ፣ «የጎረምሳ ነው እኮ፤ ምን ቢያደርጉ ነው?» ብሎ ተደንቋል። ጆዲያን ግን እሁድ ምሳ ልትበላ ስትመጣ ማንኪያዋን ታስቀምጣለች። «አጎቴ፣ ጨው ለራሱ ሲል ካልጣፈጠ ድንጋይ ነው ተብሎ ይጣላል። ያንተ ሾርባ መጣያው ጋ ደርሷል፤» ትላቸዋለች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «አልጋውን እናዙረው እንጂ፤» ትጨምራለች። ይሄኔ ማስ ፎንሶን ጉልበታቸውን ማመም ይጀምራቸዋል።

አደባባዩ ላይ ጥቂት ሰዎች ተሰብስበዋል። ጆዲያን ነጭ ቀሚስ ለብሳ፣ ፋኖስ ይዛ መሃላቸው ቆማለች። ማስ ፎንሶ ከሁሉ ኋላ ከአንዲት ሰፊ ሴት ጀርባ ተሸጎጡ። ሴትዮዋ ሚስስ ሆልደር ትባላለች፤ ከባርባዶስ የመጣች ጡረታ የወጣች ነርስ ናት፤ አዲስ ጫማዋ እየላጣት ነው። ይህን ሁሉ ያወቁት ሳይጠይቋት ስለነገረቻቸው ነው።

«እርስዎስ ከየት ነዎት?» አለቻቸው።

«ራቅ ካለ ቦታ ነኝ።»

«ይመስላል፤» አለችና ባርኔጣቸው ላይ ተለጥፎ የቀረውን የዋጋ ወረቀት ነቅላ እጃቸው ላይ አስቀመጠችላቸው።

ጆዲያን ከወደቡ አሮጌ መጋዘን ፊት ጀመረች። እዚያ ጨለማ ሲሆን የሚያቃስት የመርከብ ካፒቴን አለ። የማስ ፎንሶ ካፒቴን እጁ የተቆረጠ፣ ደሙን እያንጠባጠበ «እጄን መልሱልኝ» የሚል ነበር፤ እዚህ ሲደርሱ ሚስቶች ባሎቻቸው ላይ ይጠመጠማሉ። የጆዲያን ካፒቴን ግን ጥርሱን ነው የሚያመው።

«ሐኪሙ ሩም ቀማምሶ ነበርና ደህናውን ነቅሎ በሽተኛውን ተወለት፤» አለች ፋኖሷን ወደ መጋዘኑ መስኮት ከፍ አድርጋ። «ምስኪን ሰውዬ፣ በሕመም ላይ ሕመም ጨምሮ ሞተ። አሁንም ጉንጩን ይዞ ነው የሚዞረው። በዚህ በኩል ስታልፉ አንዲት ፍሬ ቅርንፉድ መስኮቱ ላይ ብታኖሩለት አይጠላም።»

ሰው ሳቀ። መስኮቱን ጠጋ ብለው ሲያዩት እውነትም ደፉ ላይ የቅርንፉድ ፍሬ ተከምሯል፤ ከዚህ በፊት የመጡት ናቸው ያኖሩለት። ማስ ፎንሶ ጢማቸውን ነጩ።

«እጁስ?» አሉ በጥርሳቸው መሃል።

«የማን እጅ?» አለች ሚስስ ሆልደር።

«የካፒቴኑ። ካፒቴኑ እጅ የለውም።»

«ከዚህ በፊት መጥተው ነበር እንዴ?»

«አንድ ሁለቴ።»

«ታዲያ እጅ ከሌለው ጉንጩን በምን ይይዛል? ልጅቷ ያለችው ይሻላል።»

ከሥጋ ቤቱ ጀርባ ያለችው ጠባብ መንገድ የጥጃው ናት። ዓይኑ እሳት የሚተፋ፣ አንገቱ ላይ የታሰረውን ሰንሰለት እየጎተተ የሚያድር ጥጃ ነው፤ ልጅ ሁሉ በእሱ እየተስፈራራ ነው ያደገው። ማስ ፎንሶ እዚህ ሲደርሱ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ ነበር፤ ልክ በቦታው ላይ ቤርቲ ከግንቡ ጀርባ ሆኖ የመልሕቅ ሰንሰለት ይጎትታል፤ ከዚያ በኋላ ጩኸት ነው። አንድ ጊዜ አንድ ግዙፍ ሰውዬ እየሮጠ ሄዶ ጀልባ ውስጥ ገብቶ አልወርድም ብሏል። የማስ ፎንሶ ትልቁ ክብራቸው ያ ቀን ነው።

ጆዲያን ሰንሰለት አላስጎተተችም። ፋኖሷን መሬት አስቀምጣ፣ «ስሙ እስቲ፤» አለችና ዝም አለች። ከወደቡ የውሃው ድምፅ ይሰማል፤ ሩቅ ቦታ አንድ ውሻ ይጮኻል።

«የክፉ ሥጋ ሻጭ መንፈስ ነው ይሉታል፤» አለች ቆይታ። «እኔ ግን ራሱ ጥጃው ይመስለኛል። አሳድገው ያረዱት። የሚዞረው ሰንሰለቱን የሚፈታለት ሰው ፍለጋ ነው። ችግሩ፣ ያገኘው ሰው ሁሉ እየጮኸ ይሸሸዋል።»

ማንም አልጮኸም። ሚስስ ሆልደር አፍንጫዋን ጠራረገች።

«አንጀቴን በላው፤» አለች።

«ጥጃው ሰው ይገድላል እኮ፤» አሉ ማስ ፎንሶ።

«እርስዎን እስካሁን ምን አደረገዎት?»

 ማስ ፎንሶ ግን ሌላ ነገር እያዩ ነበር። እሳቸው ሲያወሩ ሰው ወደ ኋላው፣ ወደ ጨለማው ነበር የሚያየው፤ አሁን ግን ሁሉም የሚያየው ልጅቷን ነው። ፋኖሱ ፊቷን ሲያበራው ያቺ እራት ሲቀርብ ከዜላ ጉያ አልወጣም የምትለው ሕፃን ትዝ አለቻቸው። ልጅቷ ትችላለች። ይህን ማመን ከበዳቸው፤ አምነውም ግን ደስ አላቸው፤ ደስ ማለታቸው ደግሞ መልሶ አናደዳቸው።

ንዴቱ ብዙ አልቆየም፤ የባሰ መጣ። ጆዲያን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ትታጠፋለች ሲሉ ወደ ግራ ታጠፈች። መንገዱ የሳቸው መንገድ ነው። ጥጉ ላይ ካለው ትልቅ የጥጥ ዛፍ ሥር ስትደርስ ቆመች። ከጥጉ ወዲያ ያለው ቤት የማስ ፎንሶ ቤት ነው።

«እስካሁን የነገርኳችሁን ሙታን አንዳቸውንም አላውቃቸውም፤» አለች። «ይቺን ግን አውቃታለሁ። ፀጉሬን የምትሠራኝ እሷ ነበረች። ዓሣ ዓሣ የሚል እጅ ነበራት፤ እስካሁን ዓሣ ሲሸተኝ ፀጉሬን የተሠራሁ ይመስለኛል። ዕድሜዋን ሙሉ ቆማ ነው የኖረችው። ልትሞት አካባቢ ምን እናምጣልሽ ብለን ብንጠይቃት፣ ‹ወንበር› አለች።»

ሰው ሳቀ። ጆዲያን አልሳቀችም።

«ባል አላት። በዚህ ከተማ ውስጥ ሚስቱን እንደሱ የሚወድ ወንድ እኔ አላየሁም። በጣም ስለሚወዳት አልጋውን አላዞረላትም፤ ስለዚህ አልሄደችም። ማታ ማታ ለእግሯ ውሃ ያሞቅላታል። እንዳትሄድበት ስለሚፈራ ግን ጨው አይጨምርበትም። ጨው የሌለው ውሃ ደግሞ ዕብጠት አያወርድም።» ፋኖሷን ወደ ሌላው እጇ አዛወረች። «እኔ ዳፒ የምንለው የሙት መንፈስ ኖረም አልኖረም ከማንም ጋር አልከራከርም። ግን እሱ እንደሚለው እሷ እዚያ ማድ ቤት ውስጥ ካለች፣ ይኼው ዓመት ሙሉ ቆማለች ማለት ነው። አንዳንዴ ልተኛ ስል ትዝ ትለኝና፣ እማ፣ እግርሽስ? እላለሁ።»

ማስ ፎንሶ መጀመሪያ ደማቸው ፈላ። የቤታቸውን ገመና ለመንገደኛ! ሊጮኹ አፋቸውን ከፈቱ፤ ግን «እግርሽስ» የሚለው ቃል ደረታቸው ላይ ቁጭ ብሎ ድምፃቸውን ያዘው። ስሞት ቁጭ እላለሁ። ማንም እንዳያስነሳኝ። ያን ሁሉ ጊዜ ሳፋ ሲያቀርቡላት፣ ወሬ ሲያወሩላት፣ ስለ ራሳቸው ብቸኝነት እንጂ ስለ እግሯ አንድ ቀን አስበው ያውቃሉ? የገዛ ሚስታቸውን ነው ዓመት ሙሉ ያቆሟት። ሌላው ሰው ቢያደርገው «አረመኔ» ይሉት ነበር።

«አሁን ጥጉን እንዞራለን፤» አለች ጆዲያን። «ማድ ቤቱ መስኮት ላይ መብራት ታያላችሁ። ከአጥሩ አንጠጋም፤ ፎቶም አናነሳም። በልባችን ደህና አምሺ ብለን እናልፋለን።»

ጥጉን ዞሩ። ቤቱ ድቅድቅ ጨለማ ነው።

ጆዲያን ቆመች። 

«መብራቱ የለም፤» አለች። ለማንም አይደለም የተናገረችው። «በዚህ ሰዓት ጠፍቶ አያውቅም።»

ከዚያ ጎብኚዎቹንም፣ ወሬውንም፣ የራሷንም ሕግ ረስታ አጥሩን አልፋ ሮጠች። በሩን በመዳፏ ትደበድብ ጀመር። «አጎቴ! አጎቴ፣ ክፈት!» ዞር ስትል ፊቷ አመድ መስሏል። «ጉልበቱ ገና አልጠናም፤ ወድቆ ይሆናል። ብቻውን ነው። እባካችሁ፣ በር መስበር የሚችል ሰው አለ?»

«አሳልፉኝ፤ ነርስ ነኝ፤» አለች ሚስስ ሆልደር። ጫማዋን አውልቃ ለማስ ፎንሶ አስታቀፈቻቸውና ትከሻዋን አሹላ ወደ በሩ ገሠገሠች። በሩን አንድ ጊዜ ብትመታው ለሁለት እንደሚከፈል ከአካሄዷ ያስታውቃል።

«በሩን አትስበሩት፤» አሉ ማስ ፎንሶ ከኋላ። «ቁልፉ እኔ ጋ ነው።»

ሁሉም ዞረ። ማስ ፎንሶ ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ መነጽራቸውን አወለቁ፤ የሴት ጫማ ታቅፈው፣ በዚያ በአበባ ሸሚዛቸው መንገዱ መሃል ቆሙ።

ጆዲያን ፋኖሷን መሬት አስቀመጠች። ከዚያ መጥታ አንገታቸውን አቀፈቻቸው፤ አቅፋም ደረታቸውን በቡጢ መታቻቸው።

«ምን ዓይነት ሰው ነህ አንተ! ሞተሃል ብዬ እኮ ነው።»

«አልሞትኩም። ልሰልልሽ መጥቼ ነው።»

«በዚህ ሸሚዝ?»

«ሸሚዙን ተይው። የቤቴን ጉድ አደባባይ ታወጪዋለሽ?»

«ላንተ ስነግርህ መች ሰማኸኝ? እሁድ እሁድ ነገርኩህ፤ ጉልበቴን አመመኝ ትላለህ። ውስጤ ሲብላላ ከሚገድለኝ ብዬ ለሰው አወራሁት። እሷ ያንተ ብቻ አይደለችም እኮ። ለእኔም እናቴ ናት።»

ማስ ፎንሶ የጫማውን ማሰሪያ ሲነካኩ ቆዩ።

«ትሂድ ነው የምትይኝ?» አሉ በመጨረሻ።

«ትቀመጥ ነው የምልህ።»

«እሷ ከሄደች እኔ ማታ ማታ ለማን ነው የማወራው?»

ይህን ሲሉ ድምፃቸው የልጅ ድምፅ ሆነ። ጎብኚዎቹ መሬት መሬቱን አዩ።

«ለእኔ አውራልኝ፤» አለች ጆዲያን። «እኔስ ማታ ማታ ለማን የማወራ ይመስልሃል? ለካፒቴኑ?»

ማስ ፎንሶ ቤቱን አዩት፤ ልጅቷን አዩዋት፤ በባዶ እግሯ የቆመችውን ሚስስ ሆልደርን አዩዋት።

«አልጋው ከባድ ነው፤» አሉ። የሚያውቋቸው ሁሉ እንደሚያውቁት፣ ማስ ፎንሶ «እሺ» የሚሉት እንዲህ እያሉ ነው።

አልጋው እውነትም ከባድ ነበር። የዜላ አባት ከማሆጋኒ የሠራው፣ ለልጁ የሰጣት አልጋ ነው። ጎብኚዎቹ ጫማቸውን ደጅ አውልቀው፣ እየተጠነቃቀቁ ገቡ፤ አንዳንዱ ሰላም ለማለት ይሁን ይቅርታ ለመጠየቅ ለባዶው ክፍል ራሱን ዝቅ አደረገ። ጫጫታውን የሰማው ቤርቲ በአጥሩ ላይ ተንጠላጥሎ መጣ። በአንድ እጁ ያልተከፈተ የሩም ጠርሙስ ይዟል።

«ለዘጠነኛዋ ሌሊት የገዛሁት ነው፤» አለ። «ሚስቴ ብትለምነኝም አልከፈትኩትም። አንተ ፎንሶ፣ ዛሬም አልጋው ላይ ትተኛለህ ወይስ እጅህን ታበድረናለህ?»

«ዝም ብለህ አንሳ።»

ቤርቲ ጠርሙሱን ከፍቶ የበሩ ደፍ ላይ አፈሰሰ፤ ለዜላ ሲሰጥ እጁ አልሳሳም። ሚስስ ሆልደር በቀብር ላይ የሚዜም አንድ ዜማ በአፍንጫዋ ጀመረች፤ ዜማው ከደሴት ደሴት ይለያያል፤ ቢሆንም ሁሉም በየራሱ እየተከተላት በአንድነት አነሱ። አልጋው አቃሰተ፤ ከመስኮቱ ሥር ተላቀቀ። ይህን ጊዜ ከራስጌው ጀርባ አንድ ነገር ጠብ አለ።

ማስ ፎንሶ ፋኖሱን ዝቅ አደረጉ። አረንጓዴው ነጠላ ጫማ ነው። ጥንዱም አለ። አቧራ ለብሷል፤ ሸረሪት አድርታበታለች። ዜላ ያኔ በታመመች ጊዜ ራስጌው ላይ አስቀምጣው፣ ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ የቀረ ነው።

ዜማው ቆመ። ጆዲያን አፏን በእጇ ያዘች፤ የቀረቻቸው ማስረጃ ይህች እንደሆነች ታውቃለች።

ማስ ፎንሶ ጫማውን አንስተው በሸሚዛቸው ጠረጉት። አገላብጠው አዩት። ተረከዙ ጋ በእሷ እግር ልክ ጎድጉዷል።

«እና እስካሁን፣» አሉ፣ «በባዶ እግሯ ነው የቆመችው?»

የሳቀ ሰው የለም። ማስ ፎንሶ በግማሽ የዞረው አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጠው፣ ጫማውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። ያን ዘጠነኛ ሌሊት ያላለቀሱትን ነው የሚያለቅሱት። ጆዲያን አጠገባቸው ተቀምጣ ጀርባቸውን ዳበሰች። ሲበቃቸው ራሳቸው ተነሱና የአልጋውን አንድ ጥግ ያዙ። «በሉ፤ በር በኩል፤» አሉ። አልጋው በር በኩል ሄደ፤ ቁም ሣጥኑ መስኮት ሥር ገባ፤ መስታወቱ ወደ ግድግዳ ዞረ። ሲጨርሱ ክፍሉ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ክፍል ሆነ።

ቤርቲ የተረፈውን ሩም ለሁሉም አዳረሰ። ሰው ሲወጣ ሚስስ ሆልደር ጫማዋን ከማስ ፎንሶ ተቀብላ በእጇ እንደያዘች፣ «ታዲያ ነገ ማን ነው የሚመራው?» አለች። «እህቴ ነገ ትመጣለች፤ ለማን ልላካት?»

ማስ ፎንሶ ወደ ጆዲያን አላዩም።

«ለእሷ፤» አሉ። «ግን ካፒቴኑ እጅ የለውም።»

«አንዱን እጁን እቆርጥልሃለሁ፤» አለች ጆዲያን። «በሌላው ጉንጩን ይይዛል።»

«ጥጃው ጋ ስትደርሺ ደግሞ እኔ ከግንቡ ጀርባ እሆናለሁ። ሰንሰለቱን እጎትታለሁ። ቤርቲ ሁልጊዜም ቀድሞ ነው የሚጎትተው።»

«ሰው ታስፈራብኛለህ።»

«መጀመሪያ ትንሽ ይፍራ።» ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ከዚያ አንቺ ትመጪና ትፈቺዋለሽ።»

ጆዲያን ጉንጫቸውን ሳመቻቸውና ፋኖሷን ይዛ ጎብኚዎቿን ልትሸኝ ወጣች። ማስ ፎንሶ ከአጥሩ በር ላይ ቆመው ሲያዩአት፣ ሚስ ኢና የኦቾሎኒ ምድጃዋን እየገፋች መጣች። አልቆመችም። በጋዜጣ የተጠቀለለ ትንሽ ነገር እጃቸው ላይ ጣል አድርጋ፣ «ከኦቾሎኒዬ የተረፈ ነው፤ ቤትዎ እንደሌለ አውቃለሁ፤» ብላ አለፈች። ዕውር የነበረችው ሴት ሁሉን አይታለች። ሲፈቱት ጨው ነው።

ወደ ቤት ሲገቡ በለመዱት ሄደው ጉልበታቸውን ከአልጋው ጠርዝ ጋር አጋጩት፤ ያውም የተሰፋውን። «ሳቂ፤» አሉ በጨለማው ውስጥ እያሹት። «ሳቂ፤ ደስ ይበልሽ። የገዛ ቤቴ ጠፋብኝ።»

ማድ ቤቱን አበሩ። ውሃ አሞቁ፤ ሳፋውን ከወንበሯ ፊት አስቀመጡ፤ ነጠላ ጫማውን አጠገቡ ጎን ለጎን ደረደሩ። ከዚያ ከጨው ቆንጠር አደረጉ። እጃቸው ውሃው ላይ ቆመ። ከዚህ በኋላ ማታ ማታ ኮሽ ቢል አይጥ ነው፤ ሌላ ማንም አይሆንም። ይህን አውቀውታል። ቆንጥረው የያዙትን ወደ ጋዜጣው መለሱና በጭብጣቸው ሙሉ ዘገኑ፤ እሷ በነበረች ጊዜ ያደርጉት የነበረውን ያህል። በትነው በእጃቸው አማሰሉት።

«በይ ቁጭ በይ፤» አሏት። «ማንም አያስነሳሽም።»

ስለ ካፒቴኑ ጥርስ፣ ስለ ሚስስ ሆልደር ትከሻ፣ ጆዲያን ስለ ዓሣ ስላለችው ነገሯት። ልጅቷ እንደምትችል ነገሯት፤ ይህን ለሌላ ሰው ገና አልተናገሩም። ወሬያቸው ሲያልቅ ውሃውም ቀዝቅዞ ነበር። ሳፋውን አንስተው ወጡና ጨዋማውን ውሃ ደፉ ላይ፣ ቤርቲ ሩሙን ባፈሰሰበት ላይ ቀስ አድርገው ደፉት። ከዚያ ተመልሰው የማድ ቤቱን መብራት አጠፉ።